ባህል ከሰው ጋር ሲጓዝ ለማየት፦ ሐረር ወይስ ድሬዳዋ?

እንግዳ በመጣ ቁጥር የምጠየቀው ነው። በመሀላቸው ያለው 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁለቱንም ብታዩ ደስ ይለኛል። አንድ ቀን ብቻ ካላችሁስ?

ዕድሜ፦ ሐረርን የከበበው የጀጎል ግንብ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በአሚር ኑር ተሠራ። ድሬ የተቆረቆረችው በ1902 እ.ኤ.አ. ባቡር ሲደርስ ነው።

ባህል፦ የሐረሪ ቋንቋ እንደ አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ሃይማኖትና ንግድ ግን ብዙ የዓረብኛ ቃል አስገብተውበታል። የሐረሪ ቤት መደቦች ከፍና ዝቅ ያሉ ናቸው፤ ማን የት እንደሚቀመጥ ይነግሯችኋል። ይህን ሥርዓት ባየሁ ቁጥር ልቤ ይነካል። ሸዋሊድ በዓላቸውም በ2023 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ድሬ ደግሞ ቅልቅል ናት። ከዚራ የተባለው ሰፈሯ ቀጥ ባሉ መንገዶቹ፣ የደቻቱን ወንዝ ስትሻገሩ ደግሞ መጋላ ሰፈር በገበያው ይታወቃሉ። በአንድ ጨዋታ መሀል አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ትሰማላችሁ።

አመቺነት፦ ድሬ ሜዳ ናት፤ ሙቀቷ ግን አይጣል ነው። ሐረር ትቀዘቅዛለች፤ ጠባብ መንገዶቿ እግር ይፈልጋሉ።

አንድ ሕዝብ ወጉን እንዴት እንዳቆየ ማየት ከፈለጋችሁ ሐረር ሂዱ። ከየአቅጣጫው የመጣ ሰው አዲስ ወግ እንዴት እንደሚፈጥር ለማየት ግን ድሬ ትሻላለች፤ በተለይ አመሻሽ ላይ።