በድሬዳዋ መዋዕለ ሕፃናት ላላችሁ ሁሉ፦ እኚህን ረዳት መምህርት እወቁልኝ

በድሬዳዋ አንድ አነስተኛ መዋዕለ ሕፃናት አስተዳድራለሁ። ዛሬ የምጽፈው ባለፈው የትምህርት ዓመት አብረውን የሠሩትን ረዳት መምህርት በአደባባይ ለማመስገን ነው። ስማቸው በየስልኩ እንዲዞር ስለማይወዱ አልጽፈውም፤ ልጆቹ እማማ ይሏቸዋል፣ እኔም እንዲሁ ልበላቸው።

ዓመቱን የጀመርነው ከፈረንሳይ ከመጣች ወጣት መምህርት ጋር ነበር። በአገሯ ከ2019 እ.ኤ.አ. ወዲህ ልጆች ከ3 ዓመታቸው ጀምሮ መማራቸው ግዴታ ነውና ትንንሾችን የማስተማር ልምድ ነበራት። ትጉህ ናት፣ ልጅም ትወዳለች። ሆኖም አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ ከሚነገርባቸው ቤቶች የመጡት ልጆቻችን ቁጣዋንም ፈገግታዋንም መለየት አቃታቸው፤ ለእሷም የእነሱ ጠባይ እንዲሁ ሆነባት። ክፍሉ በጩኸትና በልቅሶ ተሞላ።

እማማ እዚሁ ድሬዳዋ፣ መጋላ ሰፈር ተወልደው ያደጉ ሰው ናቸውና ሦስቱንም ቋንቋ አቀላጥፈው ይናገራሉ። እኛን የታደገን ግን ከሁሉ በላይ የልጆቹን ጠባይ ማወቃቸው ነው። መምህርቷ ያጠፋ ልጅ ስትገሥጽ ዓይን ዓይኗን እንዲያያት ትፈልጋለች፤ ልጁ ደግሞ ይብሱን አንገቱን ይደፋል። እሷ እንደናቃት ቆጥራ ድምፅዋን ከፍ ታደርጋለች። እማማ ጠርተዋት፣ «ዓይኑን የሰበረው አክብሮሽ ነው፤ አፍጥጦ ቢያይሽ ነበር የሚያሳስበው» አሏት። ትንፋሹን ወደ ውስጥ ስቦ «አዎ» የሚል ልጅ እንዳልደነገጠም የነገሯት እሳቸው ናቸው። በአንድ ጣት ልጅ መጥራትን አስትተው፣ መዳፍን ወደ ታች አድርጎ መጥራትን አለማመዷት።

ከሁሉ የከበደው የቅጣቱ ነገር ነበር። መምህርቷ የሚገፋውን ወይም የሚማታውን ልጅ ብቻውን ወንበር ላይ ታስቀምጣለች። ጓደኞቹ ግን ዝም ብለው አያዩትም፤ አንዱ ዳቦውን ቆርሶ ይወስድለታል፣ ሌላዋ አጠገቡ ሄዳ ትቀመጣለች። መምህርቷ ይህን እንደ አመፅ ወሰደችው። እማማ የልጆቹን ርኅራኄ መከልከል አልፈለጉም፤ ወንበሩን አስነሥተው ለሚገፋው ልጅ የውሃ ኩባያ የማደል ሥራ ሰጡት። መጀመሪያ ለገፋት ልጅ እንዲሰጥ፣ ከዚያ ለሌሎቹ። ልጁ ኃላፊነት ሲሰማው እጁን ሰበሰበ። እኔ በሥልጠና ከሰማሁት ሁሉ ይህ በለጠብኝ።

ሙቀቱንም አይርሱ። በድሬዳዋ ትልልቁ ሰው እንኳ ሱቁን ዘግቶ ቀትሩን በጥላ ያሳልፋል፤ ልጅን በዚያ ሰዓት ቁጭ በል ማለት ጭካኔ ነው። እማማ ፊደሉንና ቁጥሩን በማለዳ እንድናደርግ፣ ከረፋዱ በኋላ ውሃ፣ ተረትና ጥላ እንዲሆን አስወሰኑን። ረባሽ የምንላቸው ብዙዎቹ የተጠሙ ልጆች እንደነበሩ ያኔ ገባን።

«ካልተቆነጠጠ አይሰማም፣ ቅጡልኝ» የሚሉ ወላጆች ይመጣሉ። እማማ በፍጹም እጃቸውን አያነሡም፤ ወላጅን ሳያስቀይሙ እንቢ ማለትም ያውቁበታል። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ እንዲሆኑ ይደነግጋል። እሳቸው አንቀጹን አይጠቅሱም፤ «ለእኔ በቃል ይሰማኛል፣ ቆይተው ይዩት» ብለው ወላጁን ክፍሉ በር ላይ ያስቀምጡታል። ቆይቶ ያየ ወላጅ ቅጡልኝ ብሎ ሲመለስ አላየሁም።

እማማ፣ ውለታዎን አልረሳም። መምህርቷም ወደ አገሯ ስትመለስ አንገትዎን አቅፋ ያለቀሰችው በምክንያት ነው።

ዘንድሮ ክፍሎቻችንን ስለቀነስን ለእሳቸው የሚሆን ቦታ የለንም፤ ይህ ያሳዝነኛል። ከውጭ አገርም ሆነ ከሌላ ክልል አዲስ መምህር የምትቀጥሩ፣ በሳቢያንም ሆነ በከዚራ ያላችሁ ትምህርት ቤቶች፣ እማማን ውሰዷቸው። የሚሠሩት ጠዋት ብቻ ነው፣ ከሰዓት የልጅ ልጃቸውን ይጠብቃሉ። ክፍል ለብቻቸው አይረከቡም፤ ከዋና መምህር ጋር ነው የሚሠሩት። ለጽዳትና ለአፍንጫ መጥረጊያ ብቻ የምትፈልጓቸው ከሆነ አትጥሯቸው። ረዳት ስለተባሉ ብቻ ደመወዛቸውን የምታሳንሱም እንዲሁ፤ እኚህ ሴት ባለሙያ ናቸው፣ እንደ ባለሙያ ይከፈላቸው። የሐረር ትምህርት ቤቶችም ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ለመምህራን ልምዳቸውን እንዲያካፍሉ ብትጋብዟቸው ፈቃደኛ ናቸው።

የምትፈልጓቸው በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ጠይቄያቸው አገናኛችኋለሁ።