አንጸባራቂ የላፕቶፕ ስክሪን በጎንደር ፀሐይ፦ ፊልም መለጠፍ ወይስ አቀማመጥን መለወጥ?

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ፣ በተለይ ክረምቱ ካለፈ በኋላ በመስኮት የሚገባው ብርሃን ብርቱ ነው። አንጸባራቂ ስክሪን ይህን ብርሃን እንደ መስታወት ስለሚመልሰው፣ ዓይን ጽሑፉን በላዩ ከተደረበው የመስኮት ምስል ለመለየት ሲታገል ይደክማል።

ነጸብራቅን የሚበትን ፊልም ስክሪኑ ላይ መለጠፍ ይህን ምስል ያደበዝዘዋል። ሆኖም ፊደላቱንም በመጠኑ ያሻክራቸዋል፤ «ሉ»ን ከ«ሊ» የሚለየው የአንዲት ትንሽ ጭረት ቦታ ብቻ በሆነበት በእኛ ጽሕፈት ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ሲለጠፍ አቧራ ከገባበትም አረፋ ይፈጥራል።

አቀማመጥን መለወጥ ግን ገንዘብ አይጠይቅም። መስኮቱ ከኋላ ከሆነ ብርሃኑ ስክሪኑ ላይ ያርፋል፣ ከፊት ከሆነም የውጭው ድምቀት ዓይንን ይፈታተናል፤ ስለዚህ መስኮቱ በጎን እንዲውል ጠረጴዛውን ማዞር፣ ከጣሪያው አምፖል የሚመጣውን ነጸብራቅ ለማራቅም የስክሪኑን ዘንበል ማስተካከል ይገባል። ጥቁር ዳራ ነጸብራቁን ይበልጥ ስለሚያጎላው፣ በቀን በነጭ ዳራ ላይ በጥቁር ፊደል መሥራት ይሻላል፤ ብዙዎች የሚያደርጉት የዚህን ተቃራኒ መሆኑ ያሳዝነኛል።

በእኔ አስተያየት ቀዳሚው አቀማመጡ ነው። ፊልሙ የሚያስፈልገው፣ ፒያሳ አካባቢ ባሉ ካፌዎች እንደሚሠሩት ወጣቶች፣ መቀመጫውን መምረጥ ለማይችል ሰው ነው። ሁለቱም ቢሆኑ ዕረፍትን አይተኩም፦ በየ20 ደቂቃው 6 ሜትር ያህል የሚርቅ ነገርን ለ20 ሴኮንድ መመልከት፣ ዓይንንም ደጋግሞ ማርገብገብ ያስፈልጋል።