የ2,400 ብሩ የካምብሪያን ሣጥን፦ አሻንጉሊቱ ደህና፣ "ኦርጅናሉ" ድንጋይ ፎርጅድ

የአሻንጉሊት ሣጥኑን ያዘዝኩት አዲስ አበባ ካለ፣ በቴሌግራም ከሚሸጥ ሱቅ ነው። ስሙን አልጠራም። ማስታወቂያው "ስምንት የካምብሪያን ዘመን እንስሳት እና አንድ ኦርጅናል የትሪሎባይት ቅሪተ አካል" ይላል። (ትሪሎባይት ድሮ የጠፋ፣ ቅርፊት ያለው የባሕር እንስሳ ነው።) ዋጋው 2,400 ብር። ዕቃው ደብረ ብርሃን የመጣው በሚኒባስ ረዳት እጅ ነው፤ ለሱ 100 ብር ጨመርኩ። ጠባሴ ወርጄ ስቀበል ሣጥኑ ላይ መንገዱን ሙሉ ሰው ተቀምጦበት እንደመጣ ያስታውቃል።

ባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ። አርትሮፖድ (ባለ መገጣጠሚያ እግር እንስሳት) ላይ ስደርስ ምሳሌዎቼ የታወቁ ናቸው፤ አንበጣ፣ ሸረሪት፣ ጊንጥ። የእነሱ ጥንታዊ ዘመዶች ከ500 ሚሊዮን ዓመት በፊት ባሕር ውስጥ ምን ይመስሉ እንደነበር የማሳየው በጠመኔ ስዬ ነበር። አምና ትሪሎባይት ስዬ አንድ ተማሪ "ቲቸር፣ አክንባሎ ነው?" አለኝ። ገንዘቤን ያስወጣኝ ያ ነው።

ከሣጥኑ ልጀምር። ክዳኑ ላይ ዳይኖሰር ተስሏል። የካምብሪያን ዘመን ከ539 እስከ 485 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያለው ነው። ዳይኖሰር የመጣው እሱ ካለቀ ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ጎኑ ላይ ደግሞ ከስምንቱ አንዱ የሆነው አኖማሎካሪስ "2 ሜትር" ይላል። ሁለት ሜትር የሚደርሰው ኤጊሮካሲስ የሚባለው ዘመዱ ነው፤ ሞሮኮ ውስጥ የተገኘ፣ ዘመኑም ከካምብሪያን ቀጥሎ ያለው ኦርዶቪሺያን። ሣጥኑን የጻፈው ሰው ሁለቱን ቀላቅሏቸዋል።

እንስሳቱ ግን አስደሰቱኝ። ኦፓቢኒያ አምስቱም ዓይኖቹ አሉት፤ ከፊቱ የወጣው ቱቦም ጫፉ ላይ እንደ መቆንጠጫ ተከፍሏል። እ.ኤ.አ. በ1972 የቅሪተ አካል ተመራማሪው ሃሪ ዊቲንግተን የዚህን እንስሳ ሥዕል ለሳይንቲስቶች ሲያሳይ አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ ይባላል። የእኔም ክፍል እንደዚያው ሆነ። ማሬላ ቀንዶቿ ወደ ኋላ ተቀልሰው ቆንጆ ተሠርታለች፤ ብቻ የአኖማሎካሪስን ያህል አድርገዋታል። በእውነት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ናት። ሃሉሲጄኒያ በእግሩ ቆሟል። ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ለዓመታት ገልብጠው በእሾሁ አቁመውት ነበር። (አርትሮፖድ ነው ለማለት ይከብዳል፣ የሩቅ ዘመድ ነው።) የፕላስቲኩ ትሪሎባይት ጀርባው ላይ ሦስቱ ክፍሎች በደንብ ይታያሉ፤ ስሙም የመጣው ከዚያ ነው። ሲገለበጥ ግን ሆዱ እንደ ሳሙና ልሙጥ ነው። እግር የለውም! እግር የሌለው አርትሮፖድ ይዤ ስለ ባለ መገጣጠሚያ እግር ላስተምር? የቀሩት ሦስቱ ስማቸውም አልተጻፈ፣ እለፏቸው።

አኖማሎካሪስ አንድ ክንዱ ተገንጥሎ ነው የደረሰው። መጀመሪያ ተናድጄ ነበር። ክፍል ይዤው ገባሁና ቁራጩን ብቻውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። "ይሄ ምንድን ነው?" አልኳቸው። የኋላ ወንበር ላይ ያለው ልጅ "የጊንጥ ጅራት!" አለ። ቆልማማ ነው፣ የተከፋፈለ ነው፣ ከታች እሾህ አለው፤ ሌላ ምን ይበል?

የቅሪተ አካል ተመራማሪውን ጆሴፍ ዋይትቭስንም እ.ኤ.አ. በ1892 ያጋጠመው ይኸው ነው። ካናዳ ውስጥ የተገኘውን ይህን ክንድ ለብቻው አየና የእንስሳ ገላ መሰለው። ጭንቅላቱ የጠፋ ሽሪምፕ ነው ብሎ "እንግዳ ሽሪምፕ" የሚል ትርጉም ያለው ስም አወጣለት። አኖማሎካሪስ ማለት ያ ነው። ከዚያ ሌላው ተመራማሪ ቻርልስ ዋልኮት ክብ አፉን ለብቻው አገኘና ጄሊፊሽ ነው አለ። ክንዱና አፉ የአንድ ዓይነት እንስሳ መሆናቸውን ዊቲንግተንና ዴሪክ ብሪግስ በደንብ ያሳዩት እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ከ90 ዓመት በላይ ፈጅቷል። ይህን ሁሉ ስተርክ ክፍሉ ጸጥ አለ። ሣጥኑ ላይ የተቀመጠውን ሰውዬ ባገኘው ቡና እጋብዘዋለሁ።

አሁን ወደ ድንጋዩ። መዳፍ ውስጥ የሚገባ ጥቁር ነገር ነው፤ ከላዩ ትሪሎባይት ተጣብቆበታል። ጎረቤቴ እትዬ ቡና ሊጠጡ መጥተው አዩት።

"ውይ፣ መዥገር! እንዲህ የሚያህለው የየት አገር በግ ላይ ነው?"

እትዬ ብዙ አልተሳሳቱም፤ መዥገርም አርትሮፖድ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ክብደቱ ነው። ለድንጋይ ቀለለኝ። በስልኬ ካሜራ አቅርቤ ሳየው ትናንሽ ክብ ቀዳዳዎች አሉበት፤ እንደ እንጀራ ዓይን። ቀልጦ የተፈሰሰ ነገር ላይ አየር ሲታፈን የሚተወው ነው። መርፌ በፒንሳ ይዤ ከጀበናው ሥር ከሰሉ ውስጥ አጋልኩና ጠርዙ ላይ ጫን አደረግሁት። ድንጋይ ቢሆን መርፌው አይገባም ነበር። ይሄ ጭስ አለና መርፌውን ዋጠው። ቤቱ የተቃጠለ ፌስታል ሸተተ።

"ዕጣን ጨምሪበት እንጂ!" አሉ እትዬ አፍንጫቸውን ይዘው።

ቪዲዮውን ለሻጩ ላክሁ። "ቲቸር፣ እኛም ኦርጅናል ነው ተብለን ነው የገዛነው" አለ። ሊሆን ይችላል። ከሞሮኮ የሚወጡ ፎርጅድ ትሪሎባይቶች በዓለም የታወቁ ናቸው። የሚያበሳጨው ግን እውነተኛው ያን ያህል ብርቅ አለመሆኑ ነው። አሜሪካ ዩታ ውስጥ ኤልራሲያ የሚባለው የካምብሪያን ትሪሎባይት በገፍ ይወጣል። ትሪሎባይት ደግሞ ሲያድግ እንደ አንበጣ ቅርፊቱን ይጥላል፤ አንዱ እንስሳ ከአንድ በላይ ቅሪት ሊተው ይችላል። ከሦስት ቀን ጭቅጭቅ በኋላ 700 ብር መለሰልኝ።

ተማሪዎቼ "እኛው ጀማ ወርደን ለምን አንፈልግም?" አሉኝ። ጀማ ሸለቆ ያለው የኖራ ድንጋይ እውነትም የባሕር ነው። ግን የጁራሲክ ዘመን ነው፤ ትሪሎባይት ደግሞ ከ252 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ከጁራሲክ ቀድሞ፣ አልቋል። ዛጎል ብናገኝ ነው። ከተማችን የተቀመጠችበት ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ነው፤ እሱን አትድከሙበት።

አስተማሪ ከሆናችሁ ሣጥኑን ግዙት፤ ሻጩን ግን "ያለ ድንጋዩ ስንት ነው?" በሉት። ከ1,700 በላይ እንዳትከፍሉ። ለትንሽ ልጅ ከሆነ የማሬላ ቀንድ ቶሎ ይሰበራል። የአኖማሎካሪስን ክንድ በሱፐር ግሉ ለመለጠፍ አስቤ ተውኩት፤ የሚቀጥለው ክፍልም "የጊንጥ ጅራት" ይበል።

ድንጋዩን መልሺ አላሉኝም። የደብረ ብርሃን ነፋስ መስኮት በተከፈተ ቁጥር የፈተና ወረቀት ይበትንብኛል፤ እሱ ላይ ጭኜዋለሁ።