ልጄ የምትውልበት የደሴ ማቆያ፦ ሥጋ የማይገባበት ምሳ ዕቃና ሌሎች ነገሮች

ደሴ ላይ ልጅ የት ይዋል የሚለው ጥያቄ ብዙ ወላጅ ያስጨንቃል። እኔም ተጨንቄበት ስለነበር ልጄ የምትውልበትን ማቆያ በደንብ ልጻፍላችሁ። ከሆጤ ወደ ላይ ስትወጡ፣ ኮብልስቶኑ ሊያልቅ ሲል ያለ ግቢ ነው። ልጄ አራት ዓመት ተኩሏ ነው። እኔ ባንክ እሠራለሁ፣ ባለቤቴ ኮምቦልቻ ይውላል። ስለዚህ ልጃችን ከጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እስክንመለስ በሰው እጅ ናት።

ፊደሉ፣ ንጽሕናው፣ እንቅልፉ ጥሩ ነው። ይሄን ሌላም ቦታ ታገኙታላችሁ። እኔን ያስደሰተኝ ግን ሌላ ነገር ነው። እዚህ ግቢ ልጆች ሰው ሳይንቁ እንዲያድጉ ታስቦበት ይሠራል። በምክርና በመዝሙር ብቻ አይደለም፤ አዋዋላቸው ራሱ እንደዚያ ሆኖ ተዘጋጅቷል።

"ወሎ ውስጥ ደግሞ ምን ንቀት አለ?" የሚል አይጠፋም። እስላምና ክርስቲያኑ ተጋብቶ፣ ተዛምዶ፣ በዓሉን አብሮ አክብሮ የሚኖርበት አገር ነው። የእኔም ዘመዶች ግማሹ መስጊድ፣ ግማሹ ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ። በዚህ እኮራለሁ። ግን ይህ ኩራት ሌላውን ነገር እንዳናይ ይጋርደናል። ያው ደጉ ቤታችን ሸክላ ሠሪዋን "ቡዳ" ይላል። የቤት ሠራተኛዋን ጓዳ ለብቻዋ ያበላል። እግሩ የተጎዳ ልጅ ሲያልፍ የራሱን ልጅ በክርኑ ጎሸም አድርጎ "ዝም በል!" ይላል። ልጅ ይሄን ሁሉ ያያል፤ ማንም ሳያስተምረው ይማረዋል።

ከምሳው ልጀምር። የማቆያው ሕግ በምሳ ዕቃ ሥጋ ማምጣት አይፈቀድም የሚል ነው። ምክንያቱ ለወሎ ሰው ግልጽ ነው። ሠርግ ላይ እንኳ የእስላሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ታርዶ፣ ለየብቻ ነው የሚቀርበው። ለአዋቂ ይሄ ችግር የለውም፣ ለምዶታል። የአራት ዓመት ልጅ ግን "ከእሱ አትብላ" የሚለውን ይሰማና ነገሩ የሥጋው ሳይሆን የልጁ ይመስለዋል። እዚህ ያ ቃል የሚነገርበት ምክንያት አይኖርም። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ ልጆቻቸውን ከአሁኑ ጾም የሚያለማምዱ ቤተሰቦች ስላሉ እንቁላልና ወተትም አይመጣም። ሽሮው፣ ምስሩ፣ ድንቹ፣ ፓስታው ትልቅ ትሪ ላይ ይገለበጣል። ልጆቹ እጃቸውን ታጥበው ይከቡታል። ይጎራረሳሉ፣ ይጣላሉ፣ እንደገና ይጎራረሳሉ።

ደስ ያለኝ ደግሞ ሞግዚቶቹ፣ ምግብ የምታሞቀው ልጅና ዘበኛው ጋሼ እዚያው ትሪ ላይ መብላታቸው ነው። ልጄ አሁን ቤት ውስጥ "እሷስ ለምን ከእኛ ጋር አትበላም?" ብላ ስለ ሠራተኛችን ጠየቀች። ከዚያ ወዲህ አብረን ነው የምንበላው።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ "ልጅ ያለ ሥጋ ያድጋል እንዴ?" ብሎ አኩርፎ ነበር። ለእኔ ግን ማታ ቤቷ ብትበላ ይበቃል። የአንድ ትሪው ጉዳት ሌላ ነው፤ ጉንፋን። አንዱ ካስነጠሰ ሁሉም ያስነጥሳል። በተለይ ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ከተማውን ሲሸፍነው፣ ልጄ ሳልና ንፍጥ ተለይቷት አያውቅም። የታመመውን ልጅ ለይተው በሳህን ቢሰጡት ምናለ? ይሄን ነግሬያቸዋለሁ፣ ገና አላስተካከሉትም።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። አንድ ቀን ከሥራ ቀደም ብዬ ወጥቼ ምሳ ሰዓት ላይ ደረስኩ። አንድ ልጅ ከትሪው ወደ ኋላ ሸሸት ብሏል። "እሷ ጋ አልበላም። አያቴ ዓይኗ ይበላል ብላኛለች" አለ፣ አጠገቡ ያለችውን ልጅ እየጠቆመ። የልጅቷ እናት ሰኞ ገበያ ጀበናና ምጣድ የሚሸጡ ናቸው። እጃቸው ነው የሚሠራው። ደሜ ፈላ። መምህሯ ትቆጣዋለች ብዬ ጠበቅሁ። እሷ ግን አጠገቡ ቁጭ አለች።

"ጠዋት ምን በላህ?"

"ፍርፍር።"

"እንጀራው በምን ተጋገረ?"

"በምጣድ።"

"ምጣዱንስ ማን ሠራው?"

ዝም አለ። ልጅቷ ናት የመለሰችው። "እማዬ ናታ!" አለች፣ አፏ ሽሮ እንደሞላ። መምህሯም "አየህ፣ ቁርስህ ከእሷ እናት እጅ ነው የጀመረው። ዓይን ሰው አይበላም፣ ዓይን ያያል ብቻ። አያትህ ሲነገራቸው ያደጉትን ነው የነገሩህ" አለችው። ድምጿን ከፍ አላደረገችም። አያቱንም አላዋረደችበትም።

ልጁ ያን ቀን ወደ ትሪው አልተመለሰም። ጥግ ይዞ ብቻውን በላ። እዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። በሳምንቱ የማቆያው ባለቤት የልጅቷን እናት ጠራቻቸው። ጭቃ በፌስታል ይዘው መጡ። ልጆቹን መሬት ላይ አስቀምጠው ጭቃውን እንዴት እንደሚያሹ፣ በአውራ ጣት እንዴት እንደሚቦረቡሩት፣ እርጥብ ጨርቅ ይዘው እንዴት እንደሚያለሰልሱት አሳዩአቸው። "እትዬ፣ የኔን እዩት! እትዬ፣ የኔ ተሰነጠቀ!" እያሉ ከበቧቸው። ያ ልጅ ጀበና ሠርቶ አፉ አልይዝ ብሎት ነበር፣ እሳቸው ጣቱን ይዘው አስተካከሉለት። ከዚያ በኋላ ማን ጋ እንደሚበላ የነገረው የለም። ራሱ ሄዶ ተቀመጠ።

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ምሁር ጎርደን ኦልፖርት እ.ኤ.አ. በ1954 ያስረዳው ነገር ይሄው ነው። የተለያዩ ሰዎች ስለተገናኙ ብቻ ንቀት አይጠፋም። ሲገናኙ እኩል ሆነው መቀመጥ አለባቸው፣ ለአንድ ዓላማ አብረው መሥራት አለባቸው፣ ትልልቆቹም ሊደግፉት ይገባል። አስቡት፣ ሰኞ ገበያ ሁላችንም እኚህን ሴት እናገኛቸዋለን። ዋጋ ተከራክረን፣ ምጣዱን ይዘን፣ ውስጣችን ምንም ሳይለወጥ እንመለሳለን። ግቢው ውስጥ ግን የመጡት አስተማሪ ሆነው ነው።

"ሕፃን ምን ያውቃል?" የምትሉ ካላችሁ ሌላ ነገር ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመ አንድ ጥናት የሦስት ወር ሕፃናት የማንን ፊት ረዘም አድርገው እንደሚያዩ ፈትሾ ነበር። ከሕፃናቱ መካከል ኢትዮጵያ ውስጥ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንም ነበሩበት። እነዚህ የራሳቸውን ዓይነት ፊት ረዘም አድርገው ያዩ ነበር። እስራኤል ውስጥ ነጩንም ጥቁሩንም እያዩ የሚያድጉት የኢትዮጵያውያን ልጆች ግን አላዳሉም። ገና ቁጭ ማለት የማይችል ልጅ ማለት ነው! በዙሪያው የሚያየው ሰው ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ዓይኑን ይቀርጸዋል። ስለዚህ ልጄ ከማን ጋር ትውላለች የሚለው ለእኔ ከኤቢሲዲው ይበልጣል። እዚህ የከሚሴ ልጅ አለ፣ ኦሮምኛ ነው የሚቀናው፤ ጠዋት ጠዋት ሁሉም "አካም ቡልታን" ይባባላሉ። ከራያ በኩል ተፈናቅለው መጥተው እዚሁ የቀሩ ቤተሰቦች ልጅም አለ። ከ2014ቱ ጦርነት ወዲህ ልጆች ከአዋቂ አፍ የሚለቅሙት ቃል ከባድ ነው። ለዚህ ነው መሰለኝ በሩ ላይ "በግቢው ውስጥ ስልክ ላይ ዜና አይከፈትም" የሚል ወረቀት የለጠፉት። ለወላጅም ለሠራተኛም ይሠራል።

ጥያቄም አያፍኑም። እግሩ ላይ ብረት የሚያስር ልጅ አለ። ልጄ "ለምንድን ነው ብረት ያለው?" ስትል ማንም አፏን አልያዘም። መምህሯ "ራሱን ጠይቂው፣ ደስ ካለው ይነግርሻል" አለቻት። ነገራት። ብረቱንም አስነካት። ከዚያ ኩኩሉ ጨዋታ ላይ እሱ የሚደበቅበት ቅርብ ቦታ እንዲኖረው ተስማሙ፣ በራሳቸው።

የማይመቸኝን አልደብቅም። አሻንጉሊቶቹ ሁሉም ነጭ፣ ጸጉራቸው ብጫ፣ ዓይናቸው ሰማያዊ ነው። ፒያሳ ሱቆቹ ውስጥ ያለው እሱ ስለሆነ ነው ይላሉ፣ ልክ ናቸው። ግን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ኬኔትና ማሚ ክላርክ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት ተመራማሪዎች ለጥቁር ልጆች ነጭና ጥቁር አሻንጉሊት ሲያቀርቡ፣ አብዛኞቹ ልጆች ጥሩዋ ነጯ ናት ብለው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1954 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ትምህርት ቤቶች በዘር መለየታቸውን ሲከለክል ይህ ሥራ ተጠቅሷል። ከእናቴ ቁራጭ ጨርቅ ለምኜ ጠይም አሻንጉሊት፣ ጸጉሯ ሹሩባ፣ ሰፍቼ ወስጃለሁ። ተቀብለውኛል። ሌሎች እናቶችም ብትሰፉ ደስ ይለኛል።

ሌላው የወንድና የሴቱ ነገር ነው። ምሳ ሲያልቅ ትሪ የሚያነሱትና ወለል የሚጠርጉት ሴቶቹ ልጆች ናቸው። ወንዶቹ ኳስ ይዘው ይወጣሉ። በሌላው ይህን ያህል የተጠነቀቀ ቤት ይሄን እንዴት አላየውም? የማቆያውን ባለቤት አነጋገርኳት። "እውነትሽን ነው፣ በተራ እናደርገዋለን" አለችኝ። ባለፈው ስሄድ ሁለት ወንዶች መጥረጊያ ይዘው አይቻለሁ፣ ግን በየቀኑ አይደለም። እከታተለዋለሁ።

ክፍያው በወር 2,500 ብር ነው። ለደሴ ወደድ ይላል። ሁለተኛ ልጅ ካላችሁ ይቀንሱላችኋል። ግቢው ጠባብ ነው፣ ወለሉ ሲሚንቶ ስለሆነ ወፍራም ካልሲ አልብሱ። ምዝገባ ነሐሴ ላይ ነው፤ የክትባት ካርድና ፎቶ ይጠይቃሉ። ከመክፈላችሁ በፊት ምሳ ሰዓት ላይ ሄዳችሁ እንድታዩ ጠይቋቸው። ይፈቅዳሉ፤ ከትሪው ብሉም ይሏችኋል።