የትኬት ማተሚያችንን ኮድ ያረመልን የባሕር ዳር የጥገና ቤት

ከባሕር ዳር ወደ ዘጌና ወደ ደቅ ለሚሄዱ ጀልባዎች ትኬት የምናትምበት ትንሽ መሣሪያ ሲ በተባለው የፕሮግራም ቋንቋ በተጻፈ ኮድ የሚሠራ ሲሆን፣ በአማርኛ እንዲያትም ከተደረገ ወዲህ በመነሻው ቦታ ላይ «ባሕር ዳርዘጌ» እያለ ይጽፍ ነበር። ችግሩን የፈታልን በፖሊ አካባቢ የሚገኝ፣ የቆዩ መሣሪያዎችን ኮድ መርምሮ የሚያርም አነስተኛ የጥገና ቤት ነው።

የስሕተቱ ምንጭ ጠባብ ቦታ ነበር። ፊደላትን በኮምፒውተር ለማስቀመጥ በሚያገለግለው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት (የማስታወሻ መለኪያ) ስለሚይዝ «ባሕር ዳር» ከነክፍት ቦታው 16 ባይት ይፈጃል፤ በሲ ደግሞ የጽሑፍ መጨረሻ የሚታወቀው በዜሮ ባይት ስለሆነ በድምሩ 17 ያስፈልገዋል። ለመነሻው የተመደበለት ግን 16 ብቻ ነበር። ስትር-ኮፒ የተባለው የሲ ጽሑፍ መገልበጫ የተቀባዩን ቦታ ስፋት ፈጽሞ ስለማይጠይቅ ዜሮዋን ከወሰኑ አሳልፎ በመድረሻው ስም የመጀመሪያ ባይት ላይ ይጽፋታል፤ ቀጥሎ «ዘጌ» ሲገለበጥ ዜሮዋ ትጠፋለች፣ አታሚውም የሚያቆምበት ስለሌለው ሁለቱን ስሞች አያይዞ ያወጣቸዋል።

ከእነርሱ በፊት ሥራውን የወሰደ ሌላ ባለሙያ ስትር-ኮፒን በሙሉ የሚጻፈውን ባይት ብዛት በሚገድበው በስትር-ኤን-ኮፒ ተክቶ አስረክቦን ነበር፤ ትኬቱ ግን አንዲት ፊደል ሳትለወጥ እንደቀድሞው ወጣ። ስትር-ኤን-ኮፒ መጀመሪያውኑ ቋሚ ስፋት ላላቸው መስኮች የተበጀ ስለሆነ፣ ጽሑፉ ቦታውን ልክ ከሞላው ወይም ከበለጠው ማሳረጊያ ዜሮ አይጨምርም። ስሙ ደኅንነት ያለው ይመስላል፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በዚሁ ነው።

የአሁኖቹ ግን በጅምላ አልተኩም። እያንዳንዱን ጥሪ (ኮዱ መገልበጫውን የሚጠቀምበትን ቦታ) ለብቻው ይዘው «ጽሑፉ ለቦታው ቢበዛ ምን እንዲሆን ይፈልጋሉ?» እያሉ ጠየቁን፤ ጥያቄው ቢያሰለችም የሥራው ዋና ክፍል እርሱ ነበር። አማራጮቹንም አስረድተውናል። ኦፕን-ቢኤስዲ የተባለው ስርዓተ ክወና እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ስትር-ኤል-ኮፒ ሁልጊዜ በዜሮ ይዘጋል (በሊኑክስ ላይ የተለመደው የሲ ቤተ መጻሕፍት ግሊብሲ የተቀበለው በ2023 ነው)፤ ነገር ግን የምንጩን ሙሉ ርዝመት ለመመለስ ሲል ምንጩን እስከ መጨረሻው ስለሚያነብ፣ ምንጩ ራሱ ዜሮ ከሌለው አደጋው ይቀጥላል። የሊኑክስ ከርነል (የስርዓተ ክወናው እምብርት) እ.ኤ.አ. በ2015 ስትር-ኤስ-ኮፒን አስገብቶ በ2024 ስትር-ኤል-ኮፒን ከነአካቴው ያስወጣው ከዚህ የተነሣ ነው።

መሣሪያችን ሊኑክስ ስለሌለው በስትር-ኤስ-ኮፒ ጠባይ የሚሠራ አጭር ፈንክሽን ራሳቸው ጻፉ፦ የገለበጠውን ባይት ብዛት ይመልሳል፣ ካልበቃው ደግሞ አሉታዊ ቁጥር። ይህም ብቻውን አይበቃም ነበር። በ16 ባይት ቦታ ውስጥ 15 ብቻ ስለሚገለበጥ የመጨረሻዋ «ር» ከ3 ባይቷ 2 ይዛ ትቀርና በትኬቱ ላይ ትርጉም የለሽ ምልክት ሆና ትወጣለች። ስለዚህ ቁርጡ ሁልጊዜ ሙሉ ፊደል ላይ እንዲያርፍ አደረጉ፤ የስሞቹንም ቦታ ወደ 64 ባይት አሰፉት፣ ከዜሮዋ ጋር 20 ባይት የሚፈልገው «ጣና ቂርቆስ» ጭምር በምቾት እንዲገባ። የተሳፋሪ ስም ቢረዝም ይቆረጣል፤ የክፍያ መለያው ካልበቃው ግን ትኬቱ ጭራሽ አይታተምም። የተቆረጠ መለያ የሌላ ሰው ክፍያ መስሎ ሊነበብ ስለሚችል ይህ ልዩነት ከሥራቸው ሁሉ ያስደሰተኝ ነው።

ጉድለት የለባቸውም ማለት አይደለም። የርክክብ ሰነዱ በእንግሊዝኛ ብቻ ስለተጻፈ ለትኬት ሻጮቻችን አልጠቀመም፤ ዋጋቸውም ርካሽ አይደለም። በአታሚው ክፍል የቀሩትን የስፕሪንት-ኤፍ (እንደ ስትር-ኮፒ የቦታውን ስፋት የማይጠይቅ የጽሑፍ ማቀናበሪያ) ጥሪዎች ከውላችን ውጪ መሆናቸውን በግልጽ ነግረውን ለብቻው ዋጋ ሰጥተውባቸዋል፤ እኛም ለማሠራት ወስነናል። ወደ እነርሱ የሚሄድ ሰው ምንጩን ኮድ ይዞ መቅረብ አለበት፤ መሣሪያውን ብቻ ተሸክሞ የመጣን ደንበኛ አይቀበሉም።