የሞለኪውል ሞዴል ኪት፦ ለሊፒድ ጎበዝ፣ ለዲኤንኤ ሰነፍ

ወደ 240 ቁራጭ የሚይዘው የተማሪዎች ሞለኪውል ሞዴል ኪት፣ ያ ኳስና ማያያዣ ያለው፣ የተሠራው ለኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ነው። ለሁለተኛ ደረጃ ባዮሎጂ ሲገዛ ግማሹን ሥራ በሚገባ ይሠራል፣ ግማሹን ያበላሻል። ሊፒድ (ስብና ዘይትን የሚያካትተው የሞለኪውል ምድብ) ላይ ገንዘቡ የሚያስቆጭ አይደለም። ኒውክሊክ አሲድ (ዲኤንኤና አርኤንኤ) ላይ ግን ተማሪውን ሊያሳስት ይችላል።

ቀለሙ የተለመደው ነው፦ ካርቦን ጥቁር፣ ሃይድሮጅን ነጭ፣ ኦክስጅን ቀይ፣ ናይትሮጅን ሰማያዊ፣ ፎስፈረስ ሐምራዊ። አጭሩ ማያያዣ ለነጠላ ቦንድ፣ ማለትም ለአቶሞች ነጠላ ትስስር፣ ነው። ረጅሙና የሚተጣጠፈው ለድርብ ቦንድ ሲሆን ለአንድ ድርብ ቦንድ ሁለት ይገባል።

መማሪያ መጻሕፍት ትራይግሊሰራይድን፣ ማለትም አንድ ግሊሰሮልና ሦስት ፋቲ አሲዶች የተያያዙበትን ስብ፣ የሚስሉት 16 ወይም 18 ካርቦን ባላቸው ፋቲ አሲዶች ነው። በአንድ ኪት ይህን መሞከር ከንቱ ድካም ነው፤ ግሊሰሮልና ባለ 16 ካርቦኑ ፓልሚቲክ አሲድ ሦስት ሆኖ ብቻቸውን 51 ካርቦን ይጨርሳሉ። የሚሻለው ቢዩቲሪክ አሲድ የሚባለው አጭር ፋቲ አሲድ ነው። ካርቦኑ 4 ብቻ ነው፤ ቅቤ ውስጥም በእርግጥ ያለ ነገር ነው፣ ቅቤ ሲከረፋ ለሚመጣው ሽታ አንዱ ምክንያት እሱ ነውና። ግሊሰሮሉንና ሦስቱን ቢዩቲሪክ አሲዶች ለየብቻ ለመሥራት 15 ካርቦን፣ 32 ሃይድሮጅን፣ 9 ኦክስጅን፣ 49 አጭር ማያያዣና 6 ተጣጣፊ ማያያዣ ያስፈልጋል። ኪቱ ለሃይድሮጅን የተለየ ማያያዣ ካለው ከ49ኙ 32ቱ ከዚያ ይወሰዳሉ። ከመግዛት በፊት ይህን ቁጥር ሣጥኑ ላይ ካለው ዝርዝር ጋር ማስተያየት ነው።

ቀጥሎ ከእያንዳንዱ አሲድ ጫፍ ኦክስጅንና ሃይድሮጅኑ አንድ ላይ፣ ከግሊሰሮሉ ደግሞ ከኦክስጅኑ ላይ ሃይድሮጅኑ ብቻ ይነቀላል። የተነቀሉት ሲገጣጠሙ ሦስት የውሃ ሞለኪውል ይሆናሉ፤ የቀረው ተያይዞ 15 ካርቦን፣ 26 ሃይድሮጅንና 6 ኦክስጅን ያለው ትራይግሊሰራይድ ይወጣል። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ፦ ተማሪው ኦክስጅኑን ከግሊሰሮሉ ነቅሎ ከአሲዱ ሃይድሮጅን ብቻ ይወስዳል። ውጤቱ ያው ሞለኪውል ስለሆነ ጠረጴዛው ላይ ማንም አያውቅበትም፤ የሚታወቀው ፈተና ላይ የሂደቱን ሥዕል ሣል ሲባል ነው። ስለዚህ መምህሩ ማየት ያለበት ያለቀውን ሞዴል ሳይሆን እጆቹ ሲነቅሉ ነው።

ኪቱ ሌላም ነገር ያስተምራል። ስታርች ተመሳሳይ ክፍሎች ተቀጣጥለው የሚሠሩት ረጅም ሰንሰለት (ፖሊመር) መሆኑን ተምሮ የመጣ ተማሪ ፋቲ አሲዶቹንም እርስ በርስ ጫፍ ለጫፍ ሊቀጥላቸው ይሞክራል። ሦስቱ አሲዶች ከግሊሰሮሉ ጋር ከተያያዙ በኋላ ግን ተጨማሪ የሚቀጠልበት ቦታ እንደሌለ በእጁ ያየዋል። ሊፒድ ፖሊመር አይደለም የሚለውን ዓረፍተ ነገር አሥር ጊዜ ከማስቀዳት ይህ ይበልጣል።

ለድርብ ቦንድ 8 ካርቦን ያላቸው ሁለት ሰንሰለቶች ይበቃሉ፤ በሁለቱም ላይ ድርቡ ቦንድ 4ኛውና 5ኛው ካርቦን መካከል ይሆናል። በአንዱ ላይ የድርቡ ቦንድ ሁለት ሃይድሮጅኖች በአንድ ወገን፣ በሌላው በተቃራኒ ወገን ይደረጋሉ። የመጀመሪያው ይጎብጣል፤ ሁለተኛው ቀጥ ይላል። ችግሩ ነጠላ ቦንዶቹ እንደልባቸው መዞራቸው ነው፤ ሰንሰለቱ ተጨማዶ ከተቀመጠ ልዩነቱ አይታይም። አስቀድሞ እያንዳንዱን ካርቦን ወደ ላይ ወደ ታች ዚግዛግ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ ማስተኛት ያስፈልጋል። ከዚያ ኑግ ዘይት ለምን ፈሳሽ እንደሆነ መጠየቅ ይቻላል፦ አብዛኛው ፋቲ አሲዱ ሊኖሌይክ አሲድ ነው፣ 18 ካርቦንና ሁለት ድርብ ቦንድ ያለው፣ ሁለቱም የሚያጎብጡ ናቸው። የጎበጡ ሰንሰለቶች ተጠጋግተው ስለማይደረደሩ ዘይቱ አይረጋም።

ኮሌስትሮልን በሥዕል ማለፍ ነው። 27 ካርቦንና አራት ቀለበት ለአንድ የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አይሆንም።

ወደ ኒውክሊክ አሲድ ስንመጣ ኪቱ የሚያምርበት አንድ ቦታ ስኳሩ ነው። ራይቦዝ በ5 ካርቦን፣ 10 ሃይድሮጅንና 5 ኦክስጅን ይሠራል፤ ከ2ኛው ካርቦን ላይ ኦክስጅኑ ወጥቶ ሃይድሮጅኑ በቀጥታ ሲገጠም ዲኦክሲራይቦዝ ይሆናል። የአርኤንኤና የዲኤንኤ ስኳር ልዩነት ይቺው አንዲት ቀይ ኳስ ናት። ከአራቱ የዲኤንኤ ቤዞች (ናይትሮጅን ካለባቸው የቀለበት ክፍሎች) አንዱ የሆነው አዴኒን ያለበት አንድ የዲኤንኤ ኑክሊዮታይድም፣ ማለትም ስኳር፣ ፎስፌትና ቤዝ ያለው የዲኤንኤ ክፍል፣ ይሠራል፤ 10 ካርቦን፣ 14 ሃይድሮጅን፣ 5 ናይትሮጅን፣ 6 ኦክስጅንና 1 ፎስፈረስ ይፈልጋል። የፎስፈረሱን ቀዳዳዎች መቁጠር ግን ግድ ነው፤ ድርብ ቦንዱን እንደ መጽሐፉ ለማሳየት 5 ያስፈልጋል፣ 4 ብቻ ካለው አይሆንም።

ከዚህ በኋላ ያለው ችግር ነው። አራት ቀዳዳ ያለው ካርቦን ቀለበቱን ያጨማድደዋል፤ የዲኤንኤ ቤዞች ግን ጠፍጣፋ ናቸው፣ እንደ ተደራረበ እንጀራ በ0.34 ናኖሜትር ልዩነት የሚነባበሩትም ለዚህ ነው። የከፋው ደግሞ የዲኤንኤን ሁለት ሰንሰለቶች በቤዞቻቸው በኩል የሚያያይዘው ደካማ ትስስር፣ የሃይድሮጅን ቦንድ፣ ነው። ኪቱ ለእሱ የተለየ ማያያዣ ስለሌለው ተማሪው ለነጠላ ቦንድ በተሠራው አጭር ማያያዣ ያጣብቀዋል፤ ሁለቱ ሰንሰለቶች በጠንካራው ኮቫለንት ቦንድ እንደተጣበቁም ይቀበላል። ዲኤንኤ ሲባዛ እንዴት እንደሚላቀቅ ሲጠየቅ መልስ ያጣል። መድኃኒቱ ክር ነው፤ ለአዴኒንና ታይሚን 2፣ ለጓኒንና ሳይቶሲን 3። የአንደኛው ጥንድ ቤዞች 7፣ የሁለተኛው 8 ናይትሮጅን ስለሚፈልጉ ሁለቱን ጥንዶች በአንዴ ለመሥራት 15 ሰማያዊ ኳስ ያስፈልጋል።

የዲኤንኤን ጠመዝማዛ ቅርጽ በኪት መሥራት አይታሰብም። አንድ ዙር ገደማ የሚሆነው 10 ጥንድ ከ190 እስከ 200 ካርቦንና 20 ፎስፈረስ ይበላል። ለዚህ የፕሮቲን ዳታ ባንክ የትምህርት ገጽ የሆነው ፒዲቢ-101 በነፃ የሚሰጠው የሚታጠፍ የወረቀት ዲኤንኤ ይሻላል፤ የሚጠይቀው ማተሚያና መቀስ ብቻ ነው። እጥፋቱ ወደ ውጭ መሆን ሲገባው ወደ ውስጥ ከሆነ፣ ወደ ውስጡም ወደ ውጭ ከሆነ፣ ጠመዝማዛው ወደ ግራ ይዞራል። ለማረጋገጥ አቁሞ ማየት ነው፦ ከፊት ያለው ሰንሰለት ከታች ግራ ወደ ላይ ቀኝ ከወጣ ትክክል ነው።

ማያያዣ ሲነቀል እያዞሩ ነው እንጂ በአንድ በኩል እየጎነበሱ አይደለም፤ ቀዳዳው ከሰፋ ኳሱ አይይዝም። 50 ተማሪ ላለበት ክፍል በጀቱ ለአንድ ኪት ብቻ ከሆነ ግሊሰሮሉንና አሲዶቹን መምህሩ ቀድሞ ሠርቶ ይግባ፤ ውሃውን የመንቀሉን ሥራ ግን ለተማሪዎቹ ይተውላቸው።