ሞኖብሎኩ ተሰንጥቋል ተብዬ የሄድኩበት ጋራዥ

ያገለገለች ላንድክሩዘር በገዛሁ በሁለት ወሯ ውሃ መጨረስ ጀመረች። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው፣ ባለ 4.2 ሊትር ናፍጣ። ከስር ጠብ የሚል ነገር የለም፣ ግን ራዲያተሩ በየቀኑ ይጎድላል፣ ዳገት ላይም ትሞቃለች። አንድ መካኒክ ምንም ሳይፈታ "ሞኖብሎኩ ተሰንጥቋል፣ ሞተር ቀይር" አለኝ። ሞኖብሎክ (ብሎክ) ሲሊንደሮቹን የያዘው ዋናው የሞተር አካል ስለሆነ በጣም ደነገጥኩ።

ከዚያ ጓደኛዬ ወደጠቆመኝ ጋራዥ ወሰድኳት። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው፣ ለመፍታት አልቸኮሉም። መጀመሪያ ዘይቱን አዩ፣ ውሃ ገብቶበት ወተት አልመሰለም። ቀጥለው ሞተሩ እየሰራ ራዲያተሩ አፍ ላይ ሰማያዊ ፈሳሽ ያለበት መሞከሪያ ገጠሙ፤ ቀለሙ ተቀየረ። የቃጠሎ ጭስ ውሃው ውስጥ እየገባ ነው ማለት ነው። ይሄ ብቻውን ግን ብሎክ ነው አያሰኝም፣ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መሀል ያለው ማሸጊያ) ወይም ቴስታታ (ብሎኩን ከላይ የሚከድነው ክፍል) ሊሆን ይችላል ብለው በትዕግስት አስረዱኝ። ቴስታታው ሲወርድ በሁለት ቫልቮች መሀል ስንጥቅ ተገኘ። ብሎኩንም ዝም ብለው አላለፉትም፤ ፊቱን አጽድተው ጠፍጣፋነቱን ለኩ፣ ሲሊንደሮቹን አንድ በአንድ አዩ፣ ስንጥቅ የሚያወጣ ቀለም ቀቡት። ደህና ነው! ሞተር ከመግዛት ተረፍኩ።

ቅር ያለኝ ጊዜው ነው። ሦስት ቀን ብለውኝ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፣ እኔ ካልደወልኩም የሚነግረኝ አልነበረም። ለምርመራው ግን ዓይኔን ሳላሽ እመክራቸዋለሁ።

እናንተም ስትገዙ ጠዋት ሞተሩ ሳይነሳ ድረሱ፣ በቀዝቃዛው የራዲያተሩን ክዳን ከፍታችሁ አስነሱት። ከውሃው የሚወጣው አረፋ ካላቆመ አትክፈሉ።